ቶሜ ማለት

«ስምሽን ለልጅቷ ልንሰጣት ነው» አላት ወንድሟ ኢዋኦ በስልክ። ያለቀ ካፖርቱን ለጎረቤት የሚመጸውት ሰው ድምፅ ነበር።

«ለየትኛዋ ልጅ?» አለች ቶሜ።

«ለአዲሷ ነዋ፣ በዚህ ሳምንት ለተወለደችው። የመረጠችው የዳይቺ ሚስት ናት። ነገ ምሳ ላይ ነይ፣ በስልኳ ልትቀርጽሽ ትፈልጋለች።»

ከዚያ ዘጋው። ኢዋኦ ስልክ ሲዘጋ ደህና ሁኚ የማለት ልማድ የለውም፤ ለእህቱ ደግሞ ጭራሽ። ቶሜ ስልኩን አስቀመጠች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእሷ ላይ ብዙ ነገር ተወስዷል፤ ስሟን የፈለገው ሰው ግን አልነበረም።

እሁድ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ከማዘጋጃ ቤቱ አፓርታማ ወርዳ ጥግ ላይ ወዳለው ካፌ ሄደች። በኢቺኖሚያ ከተማ አራት መቶ የን ከፍሎ ቡና ያዘዘ ሰው እስከ ረፋዱ ድረስ ወፍራም የተጠበሰ ዳቦና አንድ የተቀቀለ ዕንቁላል በነፃ ይመጣለታል። ስለዚህ የከተማው ባልቴቶች ሁሉ ቁርሳቸውን ቤት አይሠሩም። እዚያ ተሰብስበው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ምራቶቻቸውና ስለሞቱት ያወራሉ። ቶሜ አብራቸው የምትቀመጠው ሌላ የምትቀመጥበት ስለሌላት እንጂ ስለምትወዳቸው አይደለም። ከሁሉም በላይ የማትወዳት የፋርማሲስት ሚስት የነበረችውን ካዙዬን ነው። ካዙዬ ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም እስከ ዛሬ እንደ ሐኪም ነው የምታወራው፤ ያልተረፈውን ዳቦ ደግሞ «ተረፈ» ብላ በናፕኪን ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ ትከታለች። የዚያን ዕለት ግን ቶሜ ወሬ ነበራትና ዕንቁላሏን እየላጠች፣ እንደ ዋዛ፣ ለወንድሟ ልጅ ልጅ የተወለደችው ሕፃን ቶሜ ልትባል ነው አለች።

«ቶሜ? እኔ ድመቴን ነው ቶሜ ያልኳት» አለች ካዙዬ።

ከባልቴቶቹ ሌላዋ ግን የልጅ ልጇ ነግራት ኖሮ አስረዳች። የዘንድሮ እናቶች ስም የሚያወጡት ከስልክ ላይ ነው አለች። በዚህ ወር የትኛው ስም አንደኛ እንደወጣ፣ የትኛው እንደወረደ እንደ ኳስ ቡድን ተደርድሮ ይታያል። አሁን ደግሞ የአሮጊቶች ስም ወደ ላይ እየወጣ ነው። እናቶቻችን ያፈሩበት ለእነሱ ጌጥ ሆኗል።

«ትርጉሙን ነግረሻቸዋል?» አለች ካዙዬ፣ ኩባያዋን አስቀምጣ።

«አልጠየቁኝም» አለች ቶሜ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ትርጉሙን የማያውቅ አልነበረም። ቶሜ ማለት ማስቀረት ነው። በእነሱ የልጅነት ዘመን ሴት የበዛበት ቤት ሁሉ መጨረሻ ላይ አንዲት ቶሜ ይኖረው ነበር። በአንድ መንደር ሦስትና አራት ቶሜ ይገኛል፤ ከጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች መኝታ ክፍል ደጃፍ ቆሞ ቶሜ ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹ ክፍል አቤት ይለው ነበር። ሁሉም ልጆች የመጡት ወንድ ከሚጠበቅበት ቤት ነው፤ ሁሉም ደመወዛቸውን የሚልኩት ለዚያ ወንድ ነው። ስለዚህ ነገር ማንም አያወራም፤ ስለ ቁመት እንደማይወራ። ያም ሆኖ ቶሜ የዚያን ጠዋት፣ ካዙዬ ዝም ስላለች፣ በስሟ ኩራት የሚመስል ነገር ተሰማት፤ ራሷንም አሳፈራት። ጨርሳ የማትበላውን ዳቦ እስከ ቅርፊቱ ጨረሰች።

የኢዋኦ ቤት በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ነው። አባታቸው የሞተበትን አሮጌ ቤት አፍርሶ የሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሁለት መኪና ማቆሚያ አለው፣ መኪናው ግን አንድ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ጀርባ የሚያሽ የኤሌክትሪክ ወንበር፣ በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ የጎልፍ ዋንጫዎችና የብል መድኃኒት ሽታ አለ። ዋንጫዎቹን ጠጋ ብሎ ላነበበ ሰው አብዛኞቹ በተሳትፎ የተሰጡ ናቸው። የዚያን ዕለት ከዋንጫዎቹ በላይ ነጭ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር፤ በላዩ ላይ በቀለም ብሩሽ፣ በወፍራሙ፣ የልጅቷ ስም ተጽፎበታል። ቶሜ የራሷ ስም መሆኑን ወዲያው አላወቀችውም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስሟን የምትጽፈው ድምፁን ብቻ በሚያሳዩ ሁለት ቀላል ምልክቶች ነው፤ እዚህ ግን «ዐሥር»ና «ቡቃያ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የቻይና ፊደላት ቆመዋል፤ ተገጣጥመው ሲነበቡ ነው ቶሜ የሚሉት።

«ዓሣው ብቻ ስድስት ሺህ የን ነው» አለች የኢዋኦ ሚስት ፉሚዮ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «ለመጀመሪያዋ ልጅ ጊዜ አራት ሺህ ነበር። ሁሉም ነገር ጨምሯል እትዬ።» ፉሚዮ ሰው ስታከብርም ስትንቅም ዋጋ ትናገራለች፤ የትኛውን እያደረገች እንደሆነ መለየት አይቻልም። ጠረጴዛው ላይ በባቄላ የቀላ ሩዝ፣ ሙሉው የተጠበሰ ቀይ ዓሣና ሳኪ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ጠርሙስ ቀርቧል። ዳይቺ፣ የኢዋኦ የልጅ ልጅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፣ አባት ሆኗል፤ ግን አያቱ ቤት ሲገባ እንደ እንግዳ ድመት ነው፤ ሲሰጡት ይበላል፣ ሲስቁ ይስቃል። ወላጆቹ ለሥራ ሩቅ አገር ናቸውና አልመጡም።

ሚስቱ ማሆ ትራስ ላይ ሰያፍ ብላ ተቀምጣለች። ከወለደች ሰባተኛ ቀኗ፣ ስም የሚወጣበት ቀን ነው፤ በደንብ መቀመጥ አትችልም። ፀጉሯ ቢጫ ተቀብቶ ሥሩ ጥቁር ሆኗል፤ የጥፍሯ ቀለም ግማሹ ተልጧል። ቶሜ ማሆን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ንቃታለች፤ ምክንያቱ ጥፍሯ ነበር፤ በዚያ ጥፍር ክር የሚቀጥል ሰው የለም። ሦስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጅ ኮሃሩ ጭኗ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች፤ አዲሷ ደግሞ አጠገቧ ባለ ቅርጫት ውስጥ ቀይ ፊቷ ብቻ ይታያል።

«እትዬ ቶሜ፣ ይምጡ፣ ይዩዋት» አለች ማሆ። «ስልኬ ላይ ስም ስፈልግ አንድ ወር ሆነኝ። የድሮ ስም ነው የምፈልገው፣ ግን ማንም ገና ያልያዘው። ዝርዝሩ ውስጥ ቶሜ የለም፤ በሦስት ዓመት ግን ይገባል፣ ያን ጊዜ እኛ ቀድመናል። ትርጉሙን አባባ ኢዋኦ ሲነግሩኝ ደግሞ አለቀስኩ።»

«ምን ብሎ ነገረሽ?»

«ማስቀረት ማለት ነው አሉኝ። ዕድል ከቤት እንዳይወጣ የምታስቀር። ሲወለዱ አባትዎ በጣም ከመደሰታቸው የተነሣ ይህች ልጅ ደስታችንን ታስቀርልናለች ብለው እንዳወጡልዎ።»

ቶሜ የቅርጫቱን ጨርቅ ጠርዝ ገለጥ አደረገች።  እንዲህ ያለ ውሸት በሕይወቷ ማንም ዋሽቶላት አያውቅም። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም። የሚቀረው ነገር ብቻ ነው የተቀየረው። ለጥቂት ጊዜ ያንን አባት በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያያት። ምን ቸገረኝ አለች በልቧ። እውነቱን የሚያውቁት አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ካዙዬም ነገ ከነገ ወዲያ ትሞታለች። ልጅቷ ዐሥር ቡቃያ ትሁን። እኔም በመጨረሻዬ ዕድል አስቀሪ ልሁን።

እጇን ልትታጠብ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ኢዋኦ ተከትሏት መጣ። አባታቸው ኢዋኦ ብሎ ሲሰይመው፣ ዐለት የሆነ ወንድ ማለት ነው፣ ሰፈሩን ሁሉ ሳኪ አጠጥቷል። ዐለቱ አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ከሱፍ ሹራቡ ሥር እንደ ሐብሐብ ተወጥሯል።

«እታለም፣ ማሆ ስትጠይቅሽ ነገር አታብዢ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕድል አስቀሪ በያትና ጨርሺ።»

«ምነው እንዲህ አሳመርክልኝ?»

«ታዲያ ምን ልበላት? እኔ አልመረጥኩትም፤ ራሷ ናት ይዛው የመጣችው። ሲመጣልኝ ዝም አልኩ እንጂ።» ወደ ሳሎኑ ዞር ብሎ አየና ጠጋ አላት፤ አፉ ሳኪ ሳኪ ይላል። «ሁለት ሴት በላይ በላዩ እኮ ነው። ዳይቺ ደግሞ አንድ ለእናቱ ነው። ይኼን ቤት ማን ይይዘዋል? ሐኪሙ ማሆ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ብትወልድ ነው የሚሻለው ብሏል። ፉሚዮ እንኳ አባታችን ቢኖር ይሄኔ ቶሜ በሏት ይል ነበር አለችኝ። እኛ ቤት እንደሆነ ሠርቷል።»

«ምኑ ነው የሠራው?»

«ስምሽ ነዋ» አለና ሳቀ። «አንቺ መጣሽ፣ ከዚያ እኔ መጣሁ።»

በመዳፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ የሠራለትን መኪና እንደሚመታ ሰው። ቶሜ ፊቱን አየችው። አላፈረም፤ ክፋትም አላሰበም፤ እንዲያውም ያመሰገናት መስሎታል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እህቱ ለእሱ እስከ ዛሬ ክፉ እንዳይገባ ደጃፍ ላይ እንደሚደረግ የጨው ክምር ናት። ጨው አይከፋውም። ጨው ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ፋብሪካ ይገባል፤ ጆሮው በሽመና መኪና እስኪደነቁር ይሠራል፤ ዐለቱ ንግድ ትምህርት ቤት ይማርበታል። ይህንን ሁሉ ድሮም ታውቀዋለች። የማታውቀው፣ ሰውየው ያንኑ ጨው አሁን ቅርጫት ውስጥ በተኛችው ልጅ ራስ ላይ ሊነሰንስ መዘጋጀቱን ነበር። እጇን ታጠበች፤ ፎጣው እርጥብ ስለነበር በቀሚሷ ጠረገችው።

ማሆ ስልኳን የሳኪውን ጠርሙስ አስደግፋ አቁማለች። ሕፃኗን ከቅርጫቱ አውጥታ ቶሜ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። ኢዋኦ ለመቀረጽ ብሎ ሹራቡን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ፉሚዮ የሾርባውን ድስት ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት እየሄደች በሩ ላይ ቆመች።

«እሺ እትዬ ቶሜ፣ ስምዎ ምን ማለት እንደሆነ ይንገሯት። ስታድግ አሳያታለሁ።»

ሕፃኗ ቀላል ናት፤ ከእርጎ ጠርሙስ አትበልጥም። ቶሜ ስልኩን የት ጋ ማየት እንዳለባት ስላላወቀች ልጅቷን አየች።

«ቶሜ ማለት ማስቀረት ነው» አለች።

ኢዋኦ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ወልዶ ነበር። ሁለተኛዋን ሱዌ አላት፣ የመጨረሻዋ ማለት ነው። አልሠራለትም፤ እኔ መጣሁ። ሦስተኛም ሴት ናት ሲሉት ሊያየኝ አልገባም። ከደጅ እንደቆመ ቶሜ በሏት ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። የሚቀረው ሴት ልጅ ነው። ይብቃን፣ ከዚህ በኋላ ሴት አትምጣብን ማለት ነው። እናቴ ናት የነገረችኝ። ስትነግረኝ ሩዝ እያጠበች ነበር፤ ዞር ብላ አላየችኝም። ከዚያ ይኼ ሰውዬ ተወለደ። አሁን ኮሪደር ላይ፣ ስሙ እኛ ቤት ሠርቷል፣ ለዳይቺም ይሠራል ብሎኛል።»

ስልኩ መቅረጹን አላቆመም።  ዳይቺ ሳቅ መሳይ ነገር ጀመረና ማንም ስላልተከተለው ወደ ሳል ለወጠው።

«እትዬ ደክሟቸዋል» አለች ፉሚዮ ከበሩ። «በዚህ ዕድሜ አውቶቡስ ቀላል አይደለም።»

«ደግሞ ፊደሉ ሌላ ነው እኮ» አለ ዳይቺ፣ ዓይኑን ከሚስቱ እያሸሸ። «እኛ የጻፍነው ዐሥር ቡቃያ ነው። የድሮው እዚህ ውስጥ የለም። ማን ያውቃል?»

ማሆ ወደ ባሏ አልዞረችም። «አባባ፣ ያውቁ ነበር?» አለች።

ኢዋኦ ከዓሣው ጉንጭ ሥር ያለችውን ለስላሳ ሥጋ በመብያ እንጨቱ ሲፈለፍል ቆየ። ለስድስት ሺህ የን ከሚገዛው ዓሣ ምርጧ እሷ ናት፤ በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የቀመሳት የለም። አላምጦ ዋጠ። «የድሮ ነገር ነው» አለ። «የድሮ ሰው እንዲያ ነበር፤ ምን ይደረግ። ቢሆንስ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ይኸው እኔ አልተወለድኩም?»

ይህንን ሲል እንጨቱን ወደ ደረቱ አመለከተ፤ ለዓለም የተሰጠውን ስጦታ እንደሚያሳይ ሰው። ሁሉም አዩት፤ የሹራቡን የሳኪ ነጠብጣብ፣ ጥርሱ ውስጥ የገባችውን ቀይ ባቄላ። ማሆ እጇን ጭኗ ላይ በተኛችው በኮሃሩ ፀጉር ላይ አሳረፈች። ይብቃ ከምትባል ልጅ በፊት የተወለደች ልጅ ምን ትባላለች ብላ የምታስብ ይመስል ነበር። ከዚያ የልጅቷን ራስ ቀስ ብላ ወደ ትራሱ አዛውራ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ቁስሏ አሳምሟት ፊቷ ተጨማደደ። ወደ ዋንጫዎቹ ሄዳ ነጩን ወረቀት አወረደችው።

በዚያው ቅጽበት ፉሚዮ፣ ነገሩ በሾርባ የሚበርድ መስሏት፣ የሚፈላውን ድስት በሁለት ጨርቅ ይዛ እየሮጠች ገባች። «ከሥሩ የሚደረግ ነገር ስጡኝ፣ እጄ ተቃጠለ» አለች።

ማሆ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችላት። ድስቱ በላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ያስጻፍኩት በአምስት ሺህ የን ነው» አለ ኢዋኦ።

«ታዲያ ጠቀመ» አለች ማሆ።

ከዚያ በኋላ ሾርባ ተጠጣ። ለቶሜ ከሁሉም ያስገረማት እሱ ነው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ፉሚዮ ሾርባው ውስጥ ቅርፊቱ ያልተከፈተውን የባሕር ዛጎል እንዳይበሉ አስጠነቀቀች፣ ዳይቺ ሩዝ ጨመረ፣ ኢዋኦ ስለ አየሩ ተናገረ። እነዚህ ሰዎች ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ሳሕኑን ያጥባሉ። ራሷንም አልማረችም። ለዕድል አስቀሪነት ስትል አፏን ዘግታ ነበር፤ ወንድሟ ኮሪደር ላይ ባይስቅ ኖሮ ዘግታ ትቀር ነበር። ሕፃኗን ወደ ቅርጫቱ መለሰች፣ ካፖርቷን ለበሰች። የሸኛት የለም። ፉሚዮ ብቻ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ደረጃው ያንሸራትታል አለች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ከቤቱ ጥቂት ራቅ ይላል። ቶሜ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በኅዳር ንፋስ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ሳለች የጫማ መጎተት ድምፅ ሰማች። ማሆ ናት፤ የቤት ሰንደል አድርጋ፣ የባሏን ጃኬት ደርባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘች መጣች።

«ትሞቻለሽ» አለች ቶሜ። «በሰባተኛ ቀንሽ ምን ያወጣሻል?»

«እትዬ፣ ከገቡ ጀምሮ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ቶሜ።

ማሆ አጠገቧ ሰያፍ ብላ ተቀመጠች።  በተዘጋው የጨርቅ ፋብሪካ ቦታ ላይ የተሠራው ትልቁ ሱቅ ደጃፍ መኪና ለማቆም የተሰለፈው ሰልፍ እስከዚህ ይደርሳል።

«ስም ይስጧት» አለች ማሆ። «እርስዎ ያውጡላት።»

«እኔ ስም አላውቅም። ስልክሽ ላይ አንደኛ ማነው የወጣው?»

«ሂማሪ። እኔም በመጀመሪያ እሱን ነበር የፈለግሁት። አባባ ናቸው፣ በየክፍሉ አምስት ሂማሪ አለ፣ የሱቅ ዕቃ ነው ብለው ሳቁብኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

ማሆ አሰበች። «ፀሐይ አለበት፤ አበባም አለበት። እንጃ፣ ደስ ይላል እንጂ ይኼን ያህል ትርጉም የለውም።»

ቶሜ ስሙን በአፏ ይዛ አየችው። አልወደደችውም። ሁለት ለገዛ አንድ የሚመረቅበት የልብስ ሳሙና ይመስላል። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ተነሥታ የመቀመጫዋን አቧራ አራገፈች።

«እሱን አውጡላት» አለች። «አስተማሪዋ ስትጣራ አምስቱም ዞር ይላሉ። የአንቺስ ስም ምን ማለት ነው ብሎ ለይቶ የሚጠይቃት አይኖርም።»